የአባቴ ቮልስ ምን ቀለም ይቀባ?

ውድ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ።

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ የምኖር የአርባ ሦስት ዓመት ሴት ነኝ። አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ከተወልን ነገር ሁሉ ለመወሰን የከበደን ቮልሱ ሆኖ ተገኝቷል። አባቴ መምህርነት በጀመረ ሰሞን ከአንድ ባልደረባው የገዛው እ.ኤ.አ. የ1966 ሞዴል መኪና ሲሆን፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ትምህርት ቤት የተመላለስነው፣ ለፋሲካም አያቶቻችን ዘንድ ደብረ ብርሃን የምንሄደው በእርሱ ነበር። አባቴ ከታመመ በኋላ ግን ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ስለ ቆመ ፓራፋንጎዎቹን ዝገት በላቸው፤ ነጩ ቀለምም እየተላጠ ይረግፍ ጀመር።

ቨርጂኒያ የሚኖረው ወንድሜ “ወጪውን እኔ እችላለሁ፤ አንቺ ተከታተይልኝ” ስላለኝ ባለፈው ወር ጋራዥ አስገባሁት። ባትላሜራው ፓራፋንጎዎቹን ፈትቶ የበሮቹን ጎማ ሲያነሳ፣ ከነጩ ሥር ሰማያዊ ቀለም አገኘና ጠርቶ አሳየኝ። ፎቶ አንስቼ ለእናቴ ባሳየኋት ጊዜ “ይኸውና! በሠርጌ ዕለት የተሳፈርኩበት መኪና ይህ ነው” አለች፤ ከዚያን ቀን ጀምሮም ወደ ሰማያዊነቱ ቢመለስ ደስ እንደሚላት ደጋግማ ትናገራለች። ወንድሜ ደግሞ ከመጀመሪያው ጥቁር እንዲሆን ነበር የፈለገው። የእናታችንን ሐሳብ ስነግረው “እንግዲያው የሚመቻችሁን አድርጉ” ብሎ ስልኩን ዘጋ፤ ከዚያ ወዲህ እንደ ቀድሞው አይደውልም።

እኔ የማውቀው መኪና ነጭ ነው። አባቴ መቼ እንዳስቀየረው አላስታውስም፤ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ነጭ ነበር። ነጭ ይሁን ብዬ አፍ አውጥቼ ብናገር በእናቴ ላይ የቆምኩ ይመስለኛል። ሰማያዊ ይሁን ብል ደግሞ አባቴ በገዛ ፈቃዱ ያደረገውን በእጄ የማጠፋ ይመስለኛል። ጋራዡ መልስ ይፈልጋል። እባክዎ ምን ይመክሩኛል?

ስሜ ይቆይ፣ ከአዲስ አበባ

ውድ እህቴ፣ አስቀድሜ ለአባትዎ ነፍስ ዕረፍትን፣ ለእናትዎና ለእናንተም መጽናናትን እመኛለሁ።

ጋራዡ መልስ ስለ ፈለገ ብቻ በዚህ ሳምንት ለመወሰን አይገደዱ። ባትላሜራው የሚቸኩልበት በቂ ምክንያት አለው፤ ተፍቆ ራቁቱን የቀረ ብረት ጥቂት እርጥበት ሲነካው ዝገት ማውጣት ይጀምራል፤ መኪናው የቆመበት ቦታም ለእርሱ የሌላ ሥራ ቦታ ነው። ስለዚህ የዝገቱ ሥራ እንዳለቀ ቦዲው በሙሉ ኢፖክሲ ፕራይመር እንዲቀባ ይጠይቁት። የላዩ ቀለም ጥቁርም ሆነ ሰማያዊ ወይም ነጭ ይህ ቅብ ከሥሩ አይቀርም፤ ብረቱን ከእርጥበት ስለሚጠብቀውም ለእናንተ የጥቂት ሳምንታት ፋታ ይሰጣችኋል። ከሰነበተ ግን የመጨረሻው ቀለም ከመነፋቱ በፊት ፊቱ በብርጭቆ ወረቀት መታሸት እንዳለበት ከአሁኑ ተነጋግራችሁ፣ ዋጋው በዚያው ውስጥ ይካተት።

ደብዳቤዎን ሳነብ ልቤ የቆመው “አባቴ በገዛ ፈቃዱ ያደረገውን በእጄ የማጠፋ ይመስለኛል” ባሉት ቦታ ላይ ነው። ይህ ስሜት እውነተኛ ነውና ከማንም ሊሸሽጉት አይገባም። ሆኖም በውስጡ ገና ያልተረጋገጠ አንድ ነገር አለ፤ አባትዎ ነጩን ቀለም ወደውና መርጠው እንደ ቀቡት ወስደውታል። በእርግጥ እንዲህ ነበር? መኪና ቀለም የሚቀየርበት ምክንያት ብዙ ነው። አንድ ጎኑ ተጋጭቶ ሊሆን ይችላል፤ ሰማያዊው በፀሐይ ደብዝዞ፣ ያንኑ የሚመስል ቀለም ሳይገኝ ቀርቶም ይሆናል። በደርግ ዘመን ከውጭ የሚመጣ ዕቃ እንደ ልብ ባልነበረበት ጊዜ፣ ቀቢው ያለውን ቀለም ባለ መኪናው ተቀብሎ መሄዱ እንግዳ ነገር አልነበረም። ወይም ደግሞ አባትዎ ነጭ መኪና ይወዱ ነበር፤ ይህም ሊሆን ይችላል። መልሱን ሊያውቁ የሚችሉት እናትዎ ናቸው፤ እስካሁን ግን የተጠየቁት ምን ዓይነት ቀለም እንደሚፈልጉ እንጂ ባለቤታቸው ቀለሙን ለምን እንዳስቀየሩት አይመስለኝም።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ከእናትዎ ጋር፣ ምርጫውን ለጊዜው ወደ ጎን ትቶ፣ ስለ መኪናው ታሪክ ብቻ መነጋገር ነው። ቡና ሲፈላ፣ ወንድምዎም በስልክ ቢሰማ መልካም ነው። መቼ ተቀባ? የት ተቀባ? አባትዎ መኪናውን ነጭ ሆኖ ሲያመጡት ምን አሉ? እናትዎስ ያን ቀን ምን ተሰማቸው? የድሮ ፎቶግራፎች ካሉም አውጡአቸው፤ ጥቁርና ነጭ ፎቶ እንኳ መኪናው ነጣ ያለ ወይም ጠቆር ያለ እንደ ነበረ ያሳያልና ዘመኑን ለመለየት ይረዳል። አሮጌ ሊብሬ ወይም የዝውውር ወረቀት በአባትዎ ሣጥን ውስጥ ከተገኘ ደግሞ ቀለሙ ተጽፎበት ሊያገኙት ይችላሉ።

ሁለተኛው እርምጃ መኪናውን ራሱን መጠየቅ ነው። የኋላው ወንበር መቀመጫ ሲነሳ መሀል ላይ ባለው የወለሉ ጉብታ ብረት ላይ የሻንሲው ቁጥር ተመትቶ ይገኛል። በዚያ ዘመን ቁጥሩ የሚጀምረው በ11 ሲሆን ሦስተኛው አኃዝ የሞዴሉን ዓመት ያመለክታል፤ የእርስዎ በ116 የሚጀምር ከሆነ የ1966 ሞዴል መሆኑ ልክ ነው፤ መኪናው እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 1965 እስከ ሐምሌ 1966 ባለው ጊዜ የተመረተ ነው ማለት ነው። ይህን ቁጥር ይዘው በጀርመን ቮልፍስቡርግ ከተማ ለሚገኘው የቮልስዋገን የመኪና ሙዚየም ቢጽፉ፣ መኪናው የተመረተበትን ቀን፣ የተላከበትን አገርና ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ቀለም የሚገልጽ ሰነድ በክፍያ ይልካሉ። ወንድምዎ ካለበት ሆኖ ክፍያውን በቀላሉ ሊፈጽም ይችላልና ይህን ሥራ ለእርሱ ቢሰጡት ደስ ይለኛል።

ወንድምዎን ጭምር ሊያረጋጋ የሚችል አንድ ነገር ልጨምር። ለ1966 ሞዴል ቮልስ ፋብሪካው ካዘጋጃቸው ቀለሞች መካከል በባትላሜራው ከተገኘው ጋር ሊመሳሰል የሚችለው፣ በቁጥር ኤል 519 የሚታወቀው ባሃማ ብሉ የተባለ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ አለ፤ ጠለቅ ያለ ሌላ ሰማያዊም ነበር። ከዚያው ዝርዝር ውስጥ ኤል 87 የተባለው፣ ወደ ክሬም የሚያደላው ፐርል ዋይት አለ። ጥቁርም ኤል 41 ተብሎ አለ። እንግዲህ እናትዎም፣ ወንድምዎም፣ እርስዎም የተመኛችሁት ቀለም በዚያ ዓመት ከአንድ ፋብሪካ በር ሲወጣ ነበር። ከሦስቱ አንዱም መኪናውን ያዋርደዋል ወይም ባዕድ ያደርገዋል ማለት አይቻልም። የዋጋም ነገር አያስጨንቃችሁ፤ ቮልስ እ.ኤ.አ. በ2003 የመጨረሻው ሜክሲኮ ውስጥ እስኪመረት ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ የተሠራ መኪና ነውና፣ እንደ ብርቅ ዕቃ የፋብሪካው ቀለም ካልተመለሰ ይከስራል የሚያሰኝ አይደለም። ለመሸጥም አላሰባችሁም።

አሁን ሦስቱን ቀለሞች በሥራና በኑሮ ሚዛን እንያቸው።

ጥቁር በትክክል ከተሠራ እጅግ ያምራል፤ ነገር ግን የሚፈልገው የባትላሜራ ሥራ ከሁሉ የከበደ ነው። ቮልስ ቀጥ ያለ ገጽ የሌለው፣ ሁለመናው ክብ የሆነ መኪና ነው። ዝገት በልቶት ተቆርጦ በተበየደና ስቱኮ በተሞላ ፓራፋንጎ ላይ ጥቁር ቀለም ሲነፋ፣ እጅ ዳብሶ ያላገኘው እያንዳንዱ ጎድጓዳ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያርፍበት ይወጣል። ኤር ኮንዲሽነር የሌለው መኪና በጥቁር ቀለም ፀሐይ ላይ ቢቆም ምን እንደሚሆን እርስዎም ያውቁታል፤ የበጋው አቧራም በታጠበ ማግሥት ይታይበታል። እናትዎ ናቸው የሚሳፈሩበት፣ እርስዎ ነዎት የሚያጥቡት፤ ወንድምዎ በዓመት አንድ ጊዜ ቢመጣ ነው። ስለዚህ ጥቁሩን አልመክርም።

ነጭ ቢሆን ሥራው ይቀላል። በቮልስ ዘንድ ዳሽቦርዱ ብረት ሆኖ ከውጪው ጋር አንድ ቀለም ይቀባል፤ በሮቹ ሲከፈቱ የሚታየው ጠርዝ፣ የፊት ኮፈኖው ውስጥ፣ የሞተሩ ቤት ሁሉ እንዲሁ። እነዚህ አስቀድመው ነጭ ስለ ሆኑ ቀለሙ ካልተቀየረ ብዙውን ባለበት ማቆየት ይቻላል። ሰማያዊ ወይም ጥቁር ይሁን ከተባለ ግን መስተዋቶቹ መውጣት፣ ዳሽቦርዱ መራቆት፣ ሞተሩም መውረድ አለባቸው፤ አለዚያ በር በተከፈተ ቁጥር ሁለተኛ ቀለም ብቅ ይላል። ጋራዡ የነገራችሁ ዋጋ ይህን ሁሉ ያካተተ መሆኑን አረጋግጣችኋል? ካላረጋገጡ፣ በተለይ ገንዘቡ የወንድምዎ ስለ ሆነ፣ ሁለቱንም ዋጋዎች ለየብቻ በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ነጩ ለፀሐይም ይስማማል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ ጨረሩ ለቀለም ጨካኝ ነው፤ ነጭና ፈዘዝ ያሉ ቀለሞች ደግሞ ከቀይና ከደማቅ ቀለማት ይልቅ መደብዘዛቸው አይታወቅባቸውም።

ሰማያዊው በወጪ ከነጩ ይበልጣል፤ ነገር ግን መኪናው አሁን ፓራፋንጎው ወርዶ፣ የበሮቹ ጎማ ወጥቶ፣ ግማሹ ብረት ሆኖ ቆሟል። እንዲህ ያለ ሙሉ ሥራ በአንድ መኪና ዕድሜ ውስጥ ቶሎ ቶሎ አይመጣም። ወደ ቀድሞው ቀለም የሚመለስ ከሆነ ከአሁኑ የተሻለ ጊዜ አይገኝም፤ ሰማያዊነቱን የሚያስታውሱት እናትዎም በሕይወት አሉ።

የእኔ ሐሳብ እንግዲህ እንዲህ ነው። እናትዎ ሲጠየቁ አባትዎ ነጩን የቀቡት ሌላ ስላጡ ወይም በግጭት ምክንያት መሆኑን ከነገሩዎት፣ ወደ ሰማያዊው ይመልሱት፤ ያን ጊዜ የሚመልሱት አባትዎ ራሳቸው ወደው የገዙትንና እናትዎን ያሳፈሩበትን መኪና ነውና ሥራቸውን አላጠፉም። በአንጻሩ “ነጭ ይወድ ነበር፤ እርሱ ነው የመረጠው” ካሉ፣ እናትዎ ራሳቸው ከሰማያዊው ይልቅ የባለቤታቸውን ምርጫ ሊያስቀድሙ ይችላሉ፤ ያኔ ያስጨነቀዎትን “ነጭ ይሁን” የሚለውን ቃል የሚናገሩት እርስዎ ብቻ አይሆኑም። ነጭ ከሆነም የአሁኑን ደማቅ ነጭ ከመድገም ያንን ወደ ክሬም የሚያደላውን ፐርል ዋይት ተመልከቱት፤ በዚህ መኪና ክብ ገጽ ላይ ይለሰልሳል። እናትዎ ምክንያቱን ካላስታወሱት ደግሞ ምኞታቸው ሚዛኑን ይድፋ እላለሁ፤ ሰማያዊ ይሁን።

ምናልባት ማንም እንዳይከፋው ታችኛው ሰማያዊ፣ ጣሪያው ነጭ ቢሆንስ የሚል ሐሳብ ሊመጣ ይችላል። በሌላ ከተማ ቢሆን እኔም እደግፈው ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ሰማያዊና ነጭ የታክሲ መለያ ሆኖ የኖረ ስለ ሆነ፣ የአባትዎ መኪና በየመንገዱ እጅ የሚዘረጋለት እንዲሆን አልፈልግም። አንድ ቀለም ይሁን። ከነጩ አንድ ነገር ማስቀረት ከፈለጉ ሌላ መንገድ አለ፤ ዝገት የበሳው ፓራፋንጎ በሌላ ይቀየራል ከተባለ አሮጌውን ለጋራዡ አይተዉለት፣ ይረከቡት። ነጩ ቀለም ላዩ ላይ አለ፤ ከሥሩም ሰማያዊው አለ። ግድግዳ ላይ ቢሰቅሉትም፣ ዕቃ ቤት ቢያኖሩትም የእርስዎ ይሆናል።

ቀለሙ ከተወሰነ በኋላ ከናሙና ወረቀት ላይ ብቻ አይተው አይስማሙ። ወረቀት ላይ ፈዛዛ የሚመስል ሰማያዊ በሙሉ መኪና ላይ ሲነፋ ደምቆ ይታያል። ሰማያዊው ፀሐይ ሳያገኘው ከቆየበት ቦታ፣ ማለትም ከበሮቹ ጎማ ሥር ወይም ከዳሽቦርዱ ጀርባ ካለ የሚፈታ ብረት፣ በሥሱ ተወልውሎ ወደ ቀለም ቀማሚው ይሂድና በማሽን ይነበብ። የተቀመመው ቀለም በተጣለ ቆርቆሮ ላይ፣ ቢቻል በጎበጠ ቁራጭ ላይ፣ በትክክለኛው ፕራይመር ላይ ይነፋ። ቆርቆሮውን ወደ ቤት ወስደው ጠዋት፣ እኩለ ቀን ላይና ጥላ ውስጥ ለእናትዎ ያሳዩአቸው፤ ፎቶውን ለወንድምዎ ሲልኩም በፀሐይ የተነሳውን ይላኩ። እ.ኤ.አ. በ1966 የፋብሪካው የቮልስ ቀለሞች ሜታሊክ ያልሆኑ ድፍን ቀለሞች ነበሩና ቀቢው “ትንሽ ብልጭታ ልጨምርበት?” ቢልዎት እሺ አይበሉ። ቀቢው የሚጠቀመው በሃርድነር (በማጠንከሪያ) የሚደባለቀውን ዘመናዊ ቀለም ከሆነ፣ ጭሱ ሳንባን የሚጎዳ ስለ ሆነ ተገቢውን የመተንፈሻ ጭንብል እንዲያደርግ ይንገሩት፤ እርስዎም ሲነፋ በአቅራቢያው አይቁሙ።

ሊብሬው ላይ የተመዘገበው ቀለም ነጭ ከሆነና ወደ ሰማያዊ የምትመልሱት ከሆነ፣ መኪናው የተመዘገበበት ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤት ዘንድ ከመቀባቱ በፊት ቀርበው የቀለም ለውጥ እንዴት እንደሚመዘገብ ይጠይቁ። ሊብሬው እስካሁን በአባትዎ ስም ካለም የወራሽነቱን ጉዳይ አብረው ቢያነሱት አንድ ደጅ ሁለት ጊዜ ከመጥናት ያድንዎታል።

የወንድምዎ ዝምታ ከቀለሙ ይልቅ ያስጨንቀኛል። “ወጪውን እኔ እችላለሁ” ያለ ሰው፣ ምርጫው ያለ እርሱ የተደረገ ሲመስለው ከቤቱ ነገር የተገለለ ሆኖ ሊሰማው ይችላል፤ አባቱ ሲታመሙና ሲያርፉ በሩቅ አገር ለነበረ ሰው ይህ ስሜት የበለጠ ይከብዳል። በዚያ ላይ ጥቁርን ለምን እንደ መረጠ እስካሁን የጠየቀው ሰው ያለ አይመስለኝም። እርስዎ ቀድመው ይደውሉለት። በመጀመሪያ ስለ ገንዘቡም ስለ ጋራዡም አያንሱበት፤ “ጥቁር ያልከው ምን አስበህ ነው?” ብለው ይጠይቁትና እስኪጨርስ ያዳምጡት። ከዚያ የእርስዎን ይንገሩት፤ ነጩን እንደሚወዱት፣ ለእናትዎ ግን ለመናገር እንዳልደፈሩ። ይህን ከእርስዎ ሲሰማ የተሸነፈው እርሱ ብቻ እንዳልሆነ ይገባዋል።

የእርሱ ብቻ የሚሆን ውሳኔም ይተዉለት። ወንበሮቹ መልበስ ይኖርባቸዋል፤ ጥቁር ቆዳ ከባሃማ ሰማያዊም ከፐርል ዋይትም ጋር ይሄዳል። በፓራፋንጎውና በቦዲው መካከል የሚገባው ቀጭን ጎማ ደግሞ ሥራው ሲያልቅ አዲስ መሆን አለበት፤ እርሱንም ጥቁር ማድረግ ይቻላል። ይህ ጎማ፣ የበሮቹና የመስተዋቶቹ ጎማዎች ጭምር፣ አሜሪካ ውስጥ በቀላሉ ይገኛሉ። ዝርዝሩን ከባትላሜራው ጋር ተቀምጠው አዘጋጅተው ይላኩለት፤ አሮጌው ጎማ በአዲስ ቀለም ላይ ከተመለሰ ውኃ አሳልፎ ዝገቱን ከዚያው ቦታ ይጀምረዋልና፣ ዕቃው አዲስ አበባ ሳይገባ ቀለሙ እንዳይነፋ ለጋራዡ ያሳስቡ።